ከኮሪደሩ የሚሰማው ቤዝ

ሐምሌ 4፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የገዛሁት የዕቃ ብልሽት ልመዘግብበት ነበር። እስካሁን የሰፈረበት የሁለት ሬዲዮና የአንድ ቴፕ በሽታ ብቻ ነው። ዛሬ ሌላ ነገር ልጽፍበት ተቀመጥኩ፤ ለማን እንደምጽፈው እንጃ።

እትዬ ሱቅ መጣች። የሟች ወንድሜ የጋሼ ሚስት ናት፤ እሱ በሚያዝያ ከሞተ ወዲህ ሱቄን ስትረግጥ የመጀመሪያዋ ነው። ጃንጥላዋን በሩ ላይ አራግፋ ገባችና ቆማ ሱቁን በዓይኗ ዞረችው። «ጠባብ ናት፤ ግን ንጹህ ናት» አለች። ወንበር ብስብላትም አልተቀመጠችም።

«ስፒከሮቹ ታመዋል» አለች። «ካሴቱን ሳጫውተው ሁሉም አለ። ዘፋኙ አለ፣ ከበሮው አለ፣ ሳክስፎኑ አለ። እሱ ብቻ የለም።»

ጋሼ ቀን ሬዲዮና ቴፕ ይጠግን፣ ማታ በሆቴል ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር ይጫወት ነበር። ከከበሮው ጎን ሳይነቃነቅ ስለሚቆም ጓደኞቹ «ግድግዳው» ይሉት ነበር። ከዚያ ዘመን የቀረ አንድ ካሴት አለ። ሰባት ዘፈን ነው፤ ራሱ በአንድ ማይክ የቀዳው። ቤዙ፣ ያ ከሥር የሚሄደው ወፍራም ድምፅ፣ ከጠፋ ከካሴቱ ውስጥ የሚጠፋው እሱ ነው።

እትዬ በነሐሴ መጨረሻ ቤቱን አስረክባ ሌላ ከተማ ልጇ ጋ ልትሄድ ነው። «ከመሄዴ በፊት አንድ ጊዜ እዚያ ሳሎን ውስጥ ልስማው» አለች። «ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ይሄማ ቀላል ነው፣ እትዬ» አልኳት። አፌ ነው የተናገረው።

ሐምሌ 6፣ ረቡዕ

ሄድኩ። ከጥር ወዲህ እዚያ ሳሎን አልገባሁም። ለለቅሶ የመጣሁ ጊዜም ከበረንዳው አላለፍኩም፤ ሰው ሞልቶ ነበር።

ሁለቱ ሳጥኖች ከመስኮቱ ግራና ቀኝ እንደ ድሯቸው ቆመዋል። ጋሼ ከአሮጌ ዕቃ ተራ የገዛቸው ቀን እኔ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አንዱን እሱ፣ አንዱን እኔ ተሸክመን ነው በእግር ያመጣናቸው። ትይዩ ሶፋው አለ። ከሶፋው ላይ የእሱ ቦታ ጎድጉዷል።

ካሴቱ ሲጀምር ጉሮሮውን ይጠርግና «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብሎ ይቆጥራል። ድምፁ ራሱ ከስቷል። ከዚያ ዘፈኑ ይገባል፤ ከሥሩ ምንም የለም።

«አሁን ወደ ኮሪደሩ ና» አለችኝ።

ኮሪደሩ ላይ፣ ከካፖርት መስቀያው አጠገብ፣ ይሰማል። እሱ ነው፤ ጣቶቹን አውቃቸዋለሁ። ወደ ሳሎኑ አንድ እርምጃ ስገባ ይቀጥናል። ሶፋው ላይ የእሱ ቦታ ስደርስ ጭራሹን ይጠፋል።

«ወጥ ቤት ሆኜም እሰማዋለሁ» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እጄን አድርቄ ስመጣ ዝም ይላል። ልጄ ‹እናቴ ለየላት› እንዳትል ለማንም አልተናገርኩም።»

የስፒከሩ ወረቀት ጠርዝ ላይ ያለው ስፖንጅ አርጅቶ ይሆናል አልኳት። እውነትም የግራው አርጅቷል። በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል።

ሐምሌ 7፣ ሐሙስ

ግራውን ወደ ሱቅ አመጣሁት። ቀኙን ተውኩት። ከባድ ነው፣ ዝናብ ነው፣ ታክሲውም ጠባብ ነው።

ሐምሌ 9፣ ቅዳሜ

የጀርባውን ስምንት ብሎን ፈታሁ። ክዳኑ ላይ በውስጥ በኩል የጋሼ እርሳስ አለ። እሱ የከፈተውን ዕቃ ሁሉ ቀኑንና ብልሽቱን ሳይጽፍበት አይዘጋም። «የሚቀጥለው ሰው ከዜሮ እንዳይጀምር» ይላል። ይህን ሕግ ለእኔም አስተምሮኛል። እነሆ ከላይ በኩል የእኔ የልጅነት ጽሑፍ፦ «ትንሹ። የመጀመሪያ ብየዳዬ።» ትንሹ እኔ ነኝ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው።

ሽቦዎቹ ሁለቱም በእርጅና ጠቁረዋል። ጋሼ እንዳይምታቱበት ፖዘቲቩን ይቋጥረዋል። እኔ የምቋጥረው ኔጋቲቩን ነው። የራሴን ሱቅ የከፈትኩ ቀን ነው የገለበጥኩት፤ የእኔ ሱቅ፣ የእኔ ሕግ።

ስፖንጁን ቀየርኩ። ማጣበቂያው ሲደርቅ በባትሪ ድንጋይ ሞከርኩት። ወረቀቱ ወደ ፊት ከገፋ ሽቦው ልክ ነው፤ ወደ ኋላ ከሳበ ተገልብጧል። ማንም ጀማሪ በመጀመሪያው ሳምንት የሚማረው ነገር ነው። ግራው ወደ ፊት ገፋ።

ከዚያ የካሴቱን ቅጂ አጫወትኩበት። መጣ። በግራው ብቻ ሙሉውን መጣ፤ የብሎኖቹ ቆርቆሮ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። ከሁለተኛው ዘፈን በላይ አልቻልኩም፤ አጠፋሁት።

ሐምሌ 12፣ ማክሰኞ

ሥራ በዝቷል። እትዬ ደወለች። ነገ አልኳት።

ሐምሌ 16፣ ቅዳሜ

ግራውን መልሼ አስገባሁ። ሁለቱን አብረን ከፈትናቸው። የለም። ቀኙን አጥፍቼ ግራውን ብቻ፤ አለ። ግራውን አጥፍቼ ቀኙን ብቻ፤ አለ። ሁለቱም ሲሆኑ የለም።

እትዬ ሻይ ሰጥታኝ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። «አንድ ነገር ልንገርህ፤ ካልተናገርኩት ያንቀኛል» አለች።

«ከየካቲት ጀምሮ ‹ካሴቱን አጫውቺልኝ› ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ‹ይሰማሻል?› አለኝ። ‹ምኑ?› ስለው ‹እኔ› አለ። እውነቱን ልንገርህ? አልሰማሁትም። ግን የታመመ ሰው ነው፤ ‹እንዴታ! እንደ ድሮህ ነህ› አልኩት። ሳቀ። እጄን ቸብ ቸብ አድርጎ ‹እንግዲያው ጆሮዬ ነው፤ ከእኔ ቀድሞ ሄዷል› አለ። እስኪሞት ድረስ ራሱን እንደ ደንቆሮ ቆጥሮ ኖረ። እኔ ነኝ ያደነቆርኩት። እውነቱን ብነግረው ስፒከሩ መታመሙን ያውቅ አልነበር?»

«አይ እትዬ፣ አንቺ ምን አደረግሽ» አልኳት። ሌላም የምላት ነበረኝ። ሻዬን ጨርሼ ወጣሁ።

ሐምሌ 18፣ ሰኞ

ጎረቤቴ ሰዓት ሠሪው ዝናቡን ሽሽት እኔ ሱቅ ተጠለለ። ምን አክስቶህ ነው ሲለኝ የስፒከሮቹን ነገር አጫወትኩት። ጠቅላላውን አይደለም።

«ለየብቻ ይጫወታሉ፣ አብረው ሲሆኑ ይጠፋል?» አለ። «ይሄማ የእኔና የባለቤቴ ነገር ነው። አንዱ ሲገፋ ሌላው እየሳበ መሃል ላይ ይጠፋፋሉ፤ ከመሃል ስትርቅ ነው የሚሰማው። ያንዱን ሽቦ ገልብጠው።»

ሞክሬዋለሁ አልኩት።

«እህ? ታዲያ ምን ሆነ?»

ዝናቡ አባራ መሰለኝ አልኩት። አላባራም ነበር።

ሐምሌ 19፣ ማክሰኞ

ሰዓት ሠሪ ስለ ቤዝ ምን ያውቃል? ከእጁ የወጣው ትልቁ ማሽን የግድግዳ ሰዓት ነው።

ሐምሌ 23፣ ቅዳሜ

አምፕሊፋየሩን ቀየርኩ። የራሴን ወስጄ ገጠምኩላት። ያው ነው። የግራውን ካፓሲተርም ቀየርኩ። ያው ነው። ሳጥኖቹን ከግድግዳው አስጠጋሁ፣ አራቅሁ፣ ወደ ጥግ አዞርኩ። እትዬ ከኋላዬ እየተከተለች ትገፋልኛለች። ስልሳ አራት ዓመቷ ነው።

«ቀኙን አልከፈትከውም» አለች።

«የቀኙ ስፖንጅ ደህና ነው፤ ደህና ዕቃ አይነካም።»

ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ካፖርቴን እያነሣሁ ነበር። ካሴቱ ሳይጠፋ ቀርቷል። አጠገቤ፣ ጆሮዬ ሥር ይጫወታል። ካፖርቴን እጄ ላይ ይዤ ዝናቡ ውስጥ ወጣሁ።

ሐምሌ 28፣ ሐሙስ

የወንድሜ ልጅ ደወለች። «አጎቴ፣ ካልሆነ ተወው፤ ለእማዬ አዲስ ትንሽ ስፒከር ገዝቼላታለሁ። አሮጌዎቹን ማን ይሸከማቸዋል?» አለችኝ። ደስ አለኝ። ደስ ማለቱን እዚህ ልጻፈው፣ አሳፋሪ ነው። ስልኩን ስዘጋ ግን «ይሠራል፤ ትንሽ ቀን ስጪኝ» ብያት ነበር።

ሚስቴ ጓዳ ሆና ለእህቷ በስልክ ስታወራ ሰማኋት። «ሬዲዮ አያስከፍተንም ብዬሻለሁ። ከፍተን ዘፈን ሲመጣ ተነሥቶ ይወጣል። ጤና አይመስለኝም።»

ሥራዬ ጆሮዬን አድክሞት ነው።

ነሐሴ 3፣ ማክሰኞ

ሰዓት ሠሪው ሲያልፍ አንገቱን አስገብቶ «ገለበጥከው?» አለኝ። አሮጌ ዕቃ ነው፣ የፋብሪካው ችግር ሳይሆን አይቀርም አልኩት። «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ» ብሎ ሄደ። ለቀልድ ነው። ቀኑን ሙሉ ሥራ አልሠራሁም።

ነሐሴ 10፣ ማክሰኞ

እትዬ ዕቃ መሸከፍ ጀምራለች። ሳህኖቹን በጋዜጣ ስትጠቀልል እያገዝኳት ነበር። በወሬ መሃል እንዲህ አለችኝ።

«ያኔ በየካቲት ከገበያ ስመለስ ስፒከሩ ሥር ወለል ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ላብ በላብ ሆኗል፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ‹ምን ሆነህ ነው?› ስለው ‹እርሳሴ ወድቆብኝ› አለኝ። አሁን በዚያ አቅሙ እርሳስ ይፈለጋል?»

«የትኛው ስፒከር ሥር?»

«የቀኙ። በማግሥቱ ነው ላንተ ደውዪለት ያለኝ። ‹ስፒከሩን መጥቶ ይይልኝ በዪው› አለ። ሰበብ መስሎኝ ነበር፤ ናፍቆህ።»

እኔም ሰበብ መስሎኝ ነበር። ሳህኑን እንዳልጥለው አስቀመጥኩት።

ነሐሴ 14፣ ቅዳሜ፣ ሌሊት

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ከዚህ በላይ ዙሪያውን አልዞርም፤ በጥር ወር የሆነውን ልጻፈው።

ከጋሼ ጋር ከአንድ ሱቅ የተለያየን ዘጠኝ ዓመታችን ነው። ጠብ የሚባል ጠብ አልነበረም። እኔ ደንበኛ ፊት «ትንሹ» መባል አስጠልቶኝ ወጣሁ፤ እሱ ሂድ አላለኝም፣ ተመለስም አላለኝም። ከዚያ ወዲህ በለቅሶና በሠርግ ነበር የምንገናኘው። በጥር፣ በሽታው ሲጸናበት፣ ቀኙ ስፒከር ጸጥ ብሏል ብሎ አስጠራኝ። ሄድኩ። ሶፋው ላይ ብርድ ልብስ ለብሶ ተኝቷል። ግማሽ ሆኗል። ማየት አቃተኝ፤ ጀርባዬን ሰጥቼው ሳጥኑን ከፈትኩ። ብየዳው ለቅቆ ነበር። ሁለቱንም ሽቦ ፈትቼ እንደ አዲስ በየድኩ። አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። ድንጋይ አላስነካሁትም። ክዳኑ ላይ ቀን አልጻፍኩም፤ ከእሱ ጽሑፍ ሥር መጻፍ አልፈለግኩም። ግራውን አጥፍቼ ቀኙን ብቻ ሞከርኩ፤ ጮኸ። ዘጋሁ።

«ና ተቀመጥ፤ ሁለቱንም ክፈታቸውና አብረን እንስማ» አለኝ።

ደንበኛ እየጠበቀኝ ነው አልኩት። ማንም አይጠብቀኝም ነበር።

ቋጠሮውን በእሱ ሕግ ነው የሠራሁት በእኔ? ከሐምሌ ወዲህ ራሴን የምጠይቀው ይህን ነው። አእምሮዬ አላስታውስ ይላል። እጄ ግን ዘጠኝ ዓመት አንድ መንገድ ነው የሚያውቀው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ አፍስሼ ሄድኩ።

እትዬ አራት ጊዜ ደወለችልኝ። የካቲት ሁለቴ፣ መጋቢት ሁለቴ። አራቱንም ጊዜ ነገ አልኩ።

አሁን ብነግራት ምን ትጠቀማለች? የዋሸችው ነገር ይብስባታል እንጂ። ለእሷ ስል ነው ዝም የምለው። ይህን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ አላመንኩትም።

ነሐሴ 20፣ ዓርብ

እትዬ ጎረቤት ልትሰናበት ወጣች። ብቻዬን ቀረሁ። ቀኙን ከግድግዳው ሳብኩት።

ስምንቱ ብሎን እኔ እንዳጠበቅኳቸው አልነበሩም። ሰባቱ ላልተዋል፤ አቅም በሌለው እጅ የተዘጉ ናቸው። አንደኛው ጭራሽ የለም።

ክዳኑን አወጣሁት። ባትሪ አበራሁ። ከድሮዎቹ ቀኖች ሥር አዲስ እርሳስ አለ። ፊደሉ ይንቀጠቀጣል፣ ግን የእሱ ነው።

«የካቲት 19። ቤዝ የለም። ቋጠሮው ተገልብጧል፤ የትንሹ እጅ ነው። ብየዳው ንጹህ ነው። አልነካውም፤ ራሱ መጥቶ ያስተካክለው። ለሷ ጆሮዬ ነው ብያታለሁ።»

ብየዳው ንጹህ ነው። በሕይወቱ አንድ ቀን ብየዳዬን አመስግኖልኝ አያውቅም።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እሱም የተቀመጠው እዚሁ ነበር ማለት ነው። ጆሮው ደህና ነበር። ሰው ፊት እንዳላፍር ጆሮዬ ጠፋ አለ፤ እኔ መጥቼ በገዛ እጄ እንዳስተካክለው የገዛ ካሴቱን ያለ ራሱ እየሰማ ቆየ። ሁለት ወር።

አውራ ጣቴን እርሳሱ ላይ አደረግኩ። እርሳስ በትንሽ ምራቅ ይጠፋል። ሽቦውን አዙሬ በይጄ፣ ክዳኑን ዘግቼ፣ «ስፖንጁ ነበር» ብላት ታምነኛለች። አመስግናኝ ትሄዳለች። እሰማሃለሁ ብዬ ዋሽቼ አደነቆርኩት እያለች ደግሞ ልጇ ቤት ታረጃለች።

ጣቴን አነሣሁ። ምንም ሳልነካ ክዳኑን መልሼ ገጠምኩት። የሷ የእግር ኮቴ ሲሰማ ነገ ጠዋት እመጣለሁ አልኳት። «የአንተ ነገ» አለች።

ነሐሴ 21፣ ቅዳሜ

በሁለት ሰዓት በሯ ላይ ነበርኩ። ገርሟት ከፈተችልኝ።

ክዳኑን ከፍቼ ባትሪውን ሰጠኋት። «እትዬ፣ አንብቢው» አልኳት። መነጽሯን ፈልጋ መጣች፣ ተንበረከከች። አንድ ጊዜ ለራሷ አነበበች። ሁለተኛውን ጮክ ብላ አነበበችው፤ መጨረሻው ላይ ድምጿ ተሰበረ።

«ያውቅ ነበር» አለች። «እሰማሃለሁ ብዬ ስዋሸው ያውቅ ነበር። ለዚህ ነው የሳቀው! አንተ ተንኮለኛ…» ለእሱ ነው የምትናገረው። እየሳቀች አለቀሰች። በነጠላ አላበሰችውም፤ እንዲፈስ ተወችው። እኔም አለቀስኩ፤ በለቅሶው ቀን ያላለቀስኩትን።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ሳቁ ከፊቷ ጠፍቶ ነበር።

«አራት ጊዜ ደወልኩልህ።»

«አዎ።»

«ነገ አልከኝ።»

«አዎ።»

«በጥር ደንበኛ ነበረብህ?»

«አልነበረብኝም።»

መነጽሯን አወለቀች። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም፤ እኔም አልጠየቅኳት። «በል በይደው» አለች።

ሁለቱን ሽቦዎች ፈታሁ። ቋጠሮውን ወደ ፖዘቲቩ መለስኩት፣ በእሱ ሕግ። እጄ ሁለት ጊዜ ተሳስቶ ወደ ለመደው ሄደ። ስጨርስ ድንጋዩን አስነካሁት። ወረቀቱ ወደ ፊት ገፋ። እትዬ መዳፏን አስጠግታ «ድገመው» አለችኝ፤ ደገምኩት።

እርሳሴን አወጣሁ። ከእሱ ጽሑፍ ሥር ቀኑን ጻፍኩ። ብልሽቱን ጻፍኩ፦ ቋጠሮ ተገልብጦ። ጥፋቱ የኔ። ሌላም ልጨምር ብዬ ነበር፣ ግን ክዳን የሚጻፍበት ለብልሽት ነው። ስምንተኛውን ብሎን ከኪሴ አውጥቼ ዘጋሁት።

ካሴቱን እሷ ከተተችው። ጉሮሮውን ጠረገ። ድምፁ ሞልቷል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

መጣ። የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። በጋዜጣ የተጠቀለሉት ሳህኖች ካርቶናቸው ውስጥ ተንጫጩ። እትዬ ተነሥታ ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ቆመች፣ አዳመጠች፣ ተመልሳ ገባች። «እዚህም አለ» አለች።

ሶፋው ላይ በራሷ ቦታ ተቀመጠች። ወንበሮቹ ትናንት ተጭነዋል፤ በቤቱ የቀረው መቀመጫ ከአጠገቧ ያለው የእሱ ጎድጓዳ ብቻ ነው። እኔ መሣሪያዬን እንደያዝኩ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ።

«ትንሹ» አለችኝ። እንዲያ ብላ ጠርታኝ አታውቅም፤ የእሱ ነበር። «ና ተቀመጥ።»

መሣሪያውን መሬት አስቀመጥኩ። ሰባቱም ዘፈን እስኪያልቅ ተቀመጥኩ።